ጠይቆ የሚጠብቅ ትዕዛዝ

የወንድሜ እጅ መንቀጥቀጥ መጀመሩን ያወቅሁት ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነው። ዓርብ ነበር። እንደ ወትሮዬ እዚሁ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር እነሱ ቤት ሄጄ፣ ምሳ በልተን፣ እሱ የአንድ መጋዘን ግድግዳ ሲሥል ከጎኑ ተቀምጬ አይ ነበር። የማውሱ ቀስት ግድግዳው ማዕዘን ላይ ስትደርስ አልቆም አለች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ።

«ማውሱ ሳይበላሽ አልቀረም» አልኩት።

«ሳያረጅ አልቀረም» አለና እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አሳረፈው። በሌላው እጁም ሸፈነው።

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ሚስቱ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ማውሱ አዲስ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ፣ ብቻችንን ስንሆን ነው። የገዛውም የበፊቱ ተበላሽቷል ብሎ ስለጣለው ነበር። የበፊቱም አልተበላሸም ነበር።

ወንድም ጋሼ ነው የምለው። እኔ ስወለድ እሱ ጎረምሳ ነበር። አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከጅቡቲ ወደብ ይጭናል፣ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ በመሐል ድሬዳዋ ቤቱ አድሮ ይሄዳል። አንድ ሐምሌ፣ ጅቡቲ በምትነድበት ወር፣ ወደቡ አጠገብ ተራ ሲጠብቅ ሙቀቱን ሽሽት መኪናው ስር ገብቶ ተኛ። ጓደኞቹ ተራህ ደርሷል ብለው ሲቀሰቅሱት አልነቃም። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የማስታውሰው እናቴ ግቢያችን ውስጥ ፊቷን በሻሽ ሸፍና መቀመጧን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። ጅቡቲ ጨርቅ የሚነግድ አጎት ስለነበረን እናቴንና እኔን ይዞ ወደዚህ መጣ። ቀን ሱቅ እየሠራ፣ ሲመሽ ንድፍ ተማረ። እዚህ አገር የንድፍ ባለሙያውን በፈረንሳይኛ ዴሲናተር ይሉታል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ቃሉን በትክክል ሳትጠራው «ልጄ ደሲናቶር ነው» እያለች ለጎረቤት ስታወራ ኖረች።

እኔን ኮምፒውተር ተማሪ ያለኝም እሱ ነው። ተምሬ ስጨርስ መጋዘን ለሚገነቡና ለሚያከራዩ ድርጅቶች የንድፍ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ትንሽ ቢሮ ገባሁ። መደርደሪያው የት ይቁም፣ ዕቃ አንሺው ፎርክሊፍት በየት ይዙር፣ ኮንቴይነሩ በየትኛው በር ይራገፍ፣ ያን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የሚሣልበት ፕሮግራም ነው። ወንድሜ የሚሠራበት የንድፍ ቢሮ ከደንበኞቻችን አንዱ ነበር። ስለዚህ እኔ የምጽፈውን ኮድ መጀመሪያ የሚሞክረው የራሴ ወንድም ሆነ። የሆነ ነገር ሲበላሽ ቢሮ አይደውልም፤ ለኔ ነው የሚደውለው። «አንቺ፣ በርሽ አይከፈትም» ይለኛል፤ በፕላኑ ላይ የማይገባለትን በር ማለቱ ነው።

ሐኪም ዘንድ የሄደው ሚስቱ አልቅሳ ከለመነችው በኋላ ነው። አብሬው ሄድኩ። ከሐኪሙ ስንወጣ ወደ ቤት እንሂድ አላለም። ባለታክሲውን በሶማሊኛ ወደ ሄሮን ሰፈር ውሰደን አለው፣ ወርደንም ባሕሩ ዳር ባለው አጥር ላይ ተቀመጥን። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ብቻ ነበር የሚታየው።

«ምን አለህ?» አልኩት። ውስጥ ሲገባ እኔን ውጪ ጠብቂኝ ብሎኝ ነበር።

«ስሙን በፈረንሳይኛ ነገረኝ። ፓርኪንሰን። በአማርኛ ምንድን ነው ብዬ ሳስብ ስሙ ያው ነው።»

«ይድናል?»

«አይድንም። በመድኃኒት ይዘገያል አለኝ።» ከዚያም «ቢሮ ማንም እንዳይሰማ» አለኝ። «አንቺም ቢሮሽ እንዳትናገሪ።»

እሺ አልኩ። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ያን የሚንቀጠቀጠውን እጁን ኪሱ ከተተው፤ ሌላውን ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ወደ ቤት ይዞ መምጣት ጀመረ። ቢሮ ሰው ባለበት መሥራት ስለከበደው ነው። ምሳ ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ በሙቀቱ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ጊዜ፣ እሱ ሳሎኑ ጥግ ላፕቶፑ ላይ ያጎነብሳል። እኔም ከቢሮ እየወጣሁ እሄድ ነበር። አንድ ቀን አንድ ግድግዳ ለመሣል ሲታገል አየሁት። መስመሩን ይጀምራል፤ ጣቱ ይስታል፤ መስመሩ ካሰበው ቦታ ሳይደርስ ይቆማል። ያጠፋዋል። እንደገና ይጀምራል። ቀስቷ ትዘላለች፣ መስመሩ ጎረቤቱ ክፍል ውስጥ ይገባል። ያጠፋዋል። አንዲት ግድግዳ። ላቡ ከግንባሩ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ሲል ሚስቱ መጥታ በፎጣ ጠረገችለት። እሱ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም።

ያን መስመር የሚሥለውን ትዕዛዝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ሥራችንን ትንሽ ላስረዳ። ሶፍትዌራችንን ከባዶ አልጀመርነውም። ውጭ አገር የተሠራ፣ መሣል የሚያውቅ አንድ መሠረት አለ፤ እኛ በላዩ ላይ ነው የምንገነባው። መሠረቱ የራሱ የሆኑ፣ አብረውት የመጡ ትዕዛዞች አሉት። መስመር፣ ክብ፣ ማንቀሳቀስ፣ ማዞር። ኃላፊያችን፣ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ ሶማሌ፣ ፕሮግራሙ የራሳችን መልክ እንዲኖረው ይፈልግ ስለነበር እነዚያን ትዕዛዞች ደብቀን የራሳችንን ጻፍን። የኔው ቀላልና ቆንጆ ነበር። ማውሱን ተጭኖ መጎተት፣ በተፈለገው ቦታ መልቀቅ፤ አለቀ። እጁ ለረጋ ሰው ከዚያ የሚፈጥን የለም። ነገር ግን ከማውሱ በስተቀር የሚሰማው ነገር አልነበረም። ተጠቃሚው በቁጥር ሊነግረው ቢፈልግ ጆሮ የለውም። ጣት ከተንሸራተተም ጨርሷል ብሎ ይወስደዋል።

ቢሮ ተመልሼ የደበቅናቸውን ትዕዛዞች ከፈትኳቸው። ሥራዬ ብዬ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። የመሠረቱ የመስመር ትዕዛዝ ሲጠራ መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ከየት? ጠይቆም ይጠብቃል። ማውስ ብትጫን ይቀበላል፣ ቁጥር ብትጽፍለትም ይቀበላል። ቀስቷ ወደ አንድ ማዕዘን ከቀረበች፣ በትክክል ባታርፍም እንኳ፣ ማዕዘኑን ራሱ ይይዝልሃል። ከዚያ ወዴት ይላል። ርዝመቱንና አቅጣጫውን ብትጽፍ መስመሩን ይሠራል። ተሳሳትኩ ካልከው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ይመልሳል፣ የቀረውን አይነካም። ደክሞህ ኤስኬፕ የምትለዋን ቁልፍ ብትጫን ያቆማል፤ የሠራኸው ግን ይኖራል።

የራሴን ኮድ አወጣሁት። በምትኩ ያን ትዕዛዝ የሚጠራ፣ ሥራውን ለሱ ለቆ እስኪጨርስ የሚጠብቅ፣ ሲጨርስ የተሠራውን መስመር ተረክቦ «ይህ ግድግዳ ነው» ብሎ የሚመዘግብ አጭር ኮድ ጻፍኩ። የበሩንም፣ የመደርደሪያውንም እንደዚያው አደረግሁ።

ኃላፊያችን አየና «ታዲያ የኛ የምንለው ምን ቀረ?» አለኝ።

«መጋዘኑ የኛ ነው» አልኩት። «መስመር መሣልን እነሱ ከኛ በፊት ብዙ ደክመውበታል። ማውስ የማይመቸው ሰውም መሥራት አለበት።»

«ማን ነው ማውስ የማይመቸው?»

ኪቦርዱን ወደሱ ገፋሁለት። ትንሽ ሞከረው፣ ቁጥር እየጻፈ አንድ ክፍል ሣለ፣ ከዚያም «ይሁን» ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ያወቀ ይመስለኛል። ግን ደግሞ አልጠየቀኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ወንድሜ አዲሱን የሞከረው በማግሥቱ ነው። ቁጥሩን በአንድ ጣት፣ ቀስ እያለ ይጽፋል። ጣቱ ሁለት ጊዜ ከመታ ያጠፋል። ትዕዛዙ ይጠብቃል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። አራተኛው መጀመሪያው ላይ ገጥሞ ክፍሉ ሲዘጋ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«ይጠይቀኛል» አለ። «አየሽው? ይጠይቀኝና ዝም ብሎ ይቀመጣል። አሁን አሁን ሱቅ ሄጄ እንኳ ኪሴን እስክከፍት የሚጠብቀኝ ሰው የለም።»

ይህን ሲል እየሳቀ ነበር። ሚስቱም ሳቀች። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ።

መጠየቂያዎቹ በፈረንሳይኛ ነበሩ። እሱ ፈረንሳይኛ አያቅተውም፤ ግን የጽሑፉን ቃል መለወጥ እንደሚቻል ስላየሁ ለሱ ብቻ በአማርኛ አደረግሁለት። «የመጀመሪያውን ነጥብ ምረጥ» ብዬ ጻፍኩ። አንብቦ ፊቱን አኮማተረ።

«ምረጥ! ቢሮም ሲያዙኝ ነው የምውለው፣ ቤቴም ልታዘዝ ነው?»

«እኔ ብሠራበትስ?» አለች ሚስቱ ከኋላው። «ምረጥ ነው የሚለኝ? ምረጪ ማለት አለበት።»

«ይምረጡ ልበለው?» አልኩ።

«አንቱ አልተባልኩም እስካሁን፣ በሽተኛ ሆንኩና አንቱ ልባል?»

ስንከራከር የዓስር ሰላት አዛን ተሰማ። በመጨረሻ ማዘዙን ተውኩና «ከየት ይጀምር?» ብዬ ጻፍኩት። ቀጥሎ «እስከ የት?» አልኩ። እንዲህ ሲሆን ለወንድም ለሴትም፣ ለትልቅም ለትንሽም ይሆናል። እሱም ወደደው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ጥያቄው ሲወጣ አንዳንዴ ጮክ ብሎ ይመልስለት ነበር። «ከበሩ ይጀምር እንጂ፣ ከየት ሊጀምር ነው።»

በዚያው ሰሞን ቢሮው አንድ ሥራ ሰጠው። ነፃ የንግድ ቀጠናው አጠገብ ትልቅ መጋዘን ያለው አንድ ድርጅት፣ ተራ ለሚጠብቁ ሾፌሮች ማረፊያ ላሠራ ብሎ ነበር። ሰፊ ጥላ፣ መታጠቢያ፣ መስገጃ፣ የሚተኛበት መደብ። ወንድሜ ይህን የነገረኝ በስልክ ነው። ቢሮ ሆኜ አነሣሁት።

«የሾፌሮች ማረፊያ ነው» አለኝ።

«እ?»

«የሾፌሮች። ከመኪናቸው ወርደው የሚያርፉበት።»

ስለ አባታችን ማውራት ልማዳችን አልነበረም። እኔ ልጅ ሳለሁ ስለሱ ስጠይቀው መልሶ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል። ያን ቀንም አላወራንም። «በርታ» ብቻ ብዬው ዘጋሁት።

እንደዚያ ማረፊያ ተጠንቅቆ ሌላ ምንም ነገር ሲሠራ አላየሁትም። ነፋሱ በበጋ ከየት እንደሚመጣ፣ ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ በየት በኩል እንደምትገባ ያስባል። ጥላውን ሰፋ አድርጎ ሣለው፣ ከዚያ አይበቃም ብሎ እንደገና አሰፋው። ለዚህም ያ አንዷን መስመር ብቻ የሚመልሰው ነገር ጠቀመው፤ ሁሉን ሳያፈርስ ይሞክራል። የመታጠቢያው በር ነፋሱን እንዲያስገባ ወደ ባሕሩ እንዲዞር አደረገ። ወደብ እየሄደ ሾፌሮቹን ያነጋግር ነበር፤ አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። አንዱ ምንጣፍ ሳይሆን የሲሚንቶ መደብ ይሻላል፣ ይቀዘቅዛል አለው። ሌላው የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ አትርሳ አለው። ሁሉን አስገባ።

ከዚያ ጣቶቹ እምቢ አሉ። በአንድ ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ አንድ ቁጥር ለመጻፍ የሚወስድበት ጊዜ ረዘመ፤ በኋላ መድኃኒቱ ሥራ በሚጀምርባት አጭር ጊዜ ብቻ መጻፍ ቻለ፤ በመጨረሻ እሷም ጠፋች። ቢሮውም አወቀ። የቢሮው ባለቤት የሆነው መሐንዲስ ራሱ ቤቱ ድረስ መጣ። ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና በፈረንሳይኛ ብዙ ነገር ተናገረ፤ አብረው ስለሠሩት ሥራ፣ ስላሳለፉት ጊዜ። ከዚያ ቢሮ መምጣቱ እንደሚቀር ነገረው። ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። «ማረፊያውን ልጨርሰው።» መሐንዲሱም ጨርሰው አለ፤ ሲወጣ በሩ ላይ እኔን ጨብጦ ዓይኑን አበሰ።

እንግዲህ እኔ እጁ ሆንኩ። ምሳ ሰዓት እየመጣሁ ኪቦርዱ ላይ እቀመጣለሁ። እሱ ከጎኔ ትራስ ተደግፎ ይናገራል። ስክሪኑ «ከየት ይጀምር?» ይላል፤ እሱ «ከምሥራቁ ምሰሶ» ይላል፤ እኔ እጽፋለሁ። «እስከ የት?» ርዝመቱን ይነግረኛል። መጀመሪያ ላይ ያስቸኩለኝ ነበር፤ ወር እየተጨመረ ሲሄድ ግን ድምፁም እየሳሳ መጣ። ሲናገር ከንፈሩን ማየት ነበረብኝ። መብራት ሲጠፋና ማራገቢያው ሲቆም ይሻለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ቤቱ ጸጥ ሲል ድምፁ ይሰማኛል። ሙቀቱ ግን ያደክመዋል። ሚስቱ በካርቶን ታራግብለታለች። አንድ ቀን ልብ ብላ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና «ይህ መታጠቢያ ከኛ ይበልጣል» አለች። እሱ በዓይኑ ሳቀ። ፊቱ መሳቅ አቁሞ ነበር።

ጨረስነው። ፕላኑን ለቢሮው ላክሁ፤ ቢሮውም ለድርጅቱ አስረከበ። መሐንዲሱ ደውሎ ወደውታል አለ። ወንድሜ ያን ቀን ልብሴን ቀይሩልኝ ብሎ፣ በሚስቱና በኔ ተደግፎ መስጊድ ሄዶ የቀትሩን የዙሁር ሰላት ከጀመዓው ጋር ሰገደ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ከዚያ የሙቀቱ ወራት አለፈ፣ ቀዝቃዛው ወር መጣ፣ ሄደ። ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። «ጀመሩ?» እኔም «ገና ነው» እለዋለሁ። አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ሶፍትዌራችንን ለሌላ ደንበኛ ልጭን ወደ ቀጠናው ሄድኩ። ስመለስ ሾፌሩን በዚያ በኩል አዙረኝ አልኩት። ቦታውን አውቀዋለሁ፤ መስመሩን ሁሉ በእጄ ነው የጻፍኩት። ዙሪያው ታጥሯል። መሬቱ ላይ ኮንቴይነሮች ተደራርበው ቆመዋል። አንድ ጠባቂ ነበር፤ እዚህ ሊሠራ የነበረው ማረፊያ የት ደረሰ አልኩት።

«ማረፊያ?» አለ። «ለዕቃ ቦታ ጠበበ ተባለ። ቀርቷል።»

መኪኖቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ነበር። ከስራቸው እግሮች ይታያሉ። አንዱ ሾፌር ካልሲውን ጎማው ላይ አስጥቷል።

ያን ቀን ጋቦዴ አልሄድኩም። በማግሥቱ ሄድኩ። አልናገርም ብዬ ወስኜ ነበር፣ ሚስቱም ተይው ብላኛለች። ግን ገና ስቀመጥ ዓይኑን ፊቴ ላይ ተከለ። ድምፁ በጣም ትንሽ ስለነበር ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አይተሽዋል» አለኝ።

«አይቻለሁ።»

«ጥላው?»

«የለም ወንድም ጋሼ። አልሠሩትም። ኮንቴይነር አስቀምጠውበታል።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ሾፌሮቹስ?»

«መኪናቸው ስር ናቸው።»

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ልነሣ ስል ጣቱን አንቀሳቀሰ። «ክፈቺው» አለኝ። ላፕቶፑን ማለቱ ነው። ከፈትኩ። ያን ትልቁን ፕላን ላወጣ ስል ራሱን ነቀነቀ። አዲስ ነው የፈለገው። ባዶ ገጽ።

ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ገባኝ። በአጥሩ ጥግ፣ ለኮንቴይነር በማይሆን ጠባብ ቦታ ላይ የሚገባ ትንሽ ጥላ ነው የሚፈልገው። መታጠቢያ የለውም፣ መስገጃ የለውም። ምሰሶና ጣሪያ፣ ከስሩ አንድ የሲሚንቶ መደብ። «እምቢ አይሉም» አለ፤ «ይቺን ምን ብለው እምቢ ይላሉ?»

መስመር የሚለውን ትዕዛዝ ጠራሁ። ከየት ይጀምር አለ። ነገረኝ። እስከ የት አለ። ነገረኝ። የመደቡን አንድ ጎን ጨርሰን ሁለተኛውን ስንጀምር ቁጥሩ አልሰማ አለኝ። «እንደገና» አልኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አልሰማሁም። «ወንድም ጋሼ፣ እንደገና።» ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም ከዚያ በላይ ልጠይቀው አልቻልኩም፤ ስክሪኑ ላይ ጥያቄው እንደተጻፈ ነው።

«ይቁም» አለኝ፤ ይህን በግልጽ ሰማሁት። «ኤስኬፕ።»

ተጫንኩ። የሠራናት መስመር ቀረች። ነገ እንቀጥላለን አልኩት። በማግሥቱ ግን ትኩሳት ያዘው፤ ምግብ መዋጥ እያቃተው ሳንባው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ሆስፒታል ጥቂት ቆየ። ከሚስቱ ጋር እየተቀያየርን አስታመምነው። የመጨረሻ ቀን ጠዋት እኔ ነበርኩ። እጁን ይዤው ነበር፤ ያን ጊዜ አልደበቀኝም። መንቀጥቀጡ ቆመ። እኔ የተሻለው መስሎኝ ደስ አለኝ። ነርሷ መጥታ እስክትነካው ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያኑ ቀን ተቀበረ። ለቅሶው ላይ ከወደቡ ሾፌሮች መጡ። የማናውቃቸው ናቸው። ያኔ የስልክ ቻርጅ አትርሳ ያለው እሱ ራሱ እንደሆነ አንዱ ነገረኝ። «ጥላው መቼ ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ደግ ነገር ያወራ መስሎት። «ኢንሻአላህ» አልኩት። ያችን ጅምር ጥላ ከለቅሶው በኋላ እኔ ራሴ እንደሚሆን አድርጌ ጨርሼ ለመሐንዲሱ ሰጠሁት። እሱም ወስዶ ለድርጅቱ ሰዎች አሳያቸው። እናስብበታለን አሉት። እስካሁን መልስ የለም።

ሥራዬን አልተውኩም። ሶፍትዌሩ አሁን ብዙ ቢሮዎች ገብቷል፤ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ። ትዕዛዞቹ ያው ከመሠረቱ ጋር የመጡት ናቸው፤ ኃላፊያችን ከእንግዲህ እንደማንነካቸው ወስኗል። አዲሱ እትም ሲወጣ አማርኛው በየትኛውም ደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ይውጣ ተባለ። ማንም ክፉ አላሰበም። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የማጥፋቱም ሥራ ለኔ ተሰጠ። ቃላቱን አንድ በአንድ አነበብኳቸውና አጠፋኋቸው። ከዚያ ተነሥቼ ደረጃው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ኃላፊያችን መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

የወንድሜ ሚስት የባሏን የሐዘን ጊዜ ቤት ተቀምጣ ከጨረሰች በኋላ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ እህቶቿ ልትመለስ ወሰነች። ልጅ አልወለዱም። ቅሪ ብዬ አልለመንኳትም፤ ያን ቤት ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች። ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘኋት። የያዘችው አንድ ሻንጣና አንድ ዘንቢል ነበር።

«እትዬ፣ ስትደርሺ ደውዪ» አልኳት።

«አንቺም ብዪ፣ ቀጥነሻል» አለችኝ። አቅፋኝ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሆኜ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ናት። ከኋላዋ ጫጫታ ይሰማል፤ ሰዎች እየተጠራሩ ነው።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ። አልሐምዱሊላህ። እህቶቼ አብረውኝ ናቸው» አለች። ከዚያ «እዚህ ዝናብ ነው» አለችኝ።

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው። ቆርቆሮው አያስወራም።»

እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ፤ እሷም አልዘጋችም። ዝናቡን ሰማሁት።